የማይነካኩ ዳቦዎች

ዳቦዎቹ መነካካት ማቆማቸውን ያስተዋልኩት ካቆሙ ከቆዩ በኋላ ነው።

ዳቦ ቤት ውስጥ ላላደገ ሰው ይሄ ነገር ላይገባው ይችላል። ድቡልቡሉ ሊጥ ትሪ ላይ ሲደረደር በየመሃሉ ትንሽ ክፍተት ይተውለታል። ኩፍ ሲል ጎን ለጎን ይገናኛል። ምድጃ ውስጥም እንደተቃቀፈ ይበስላል፤ ሲወጣ አንዱን ከሌላው መገንጠል ነው። የተገነጠለበት ጎኑ ነጭ ነው፣ እርጥብ ነው፣ በጣት ሲስቡት እንደ ጥጥ ይመዘዛል። እኔ ዳቦ የምበላው ሁልጊዜ ከዚያ ጎን ጀምሬ ነበር። አንድ ጠዋት ነጩን ጎን ፈልጌ ዳቦውን ባዞረው፣ ባገላብጠው አጣሁት። ዙሪያውን ቡናማ፣ ዙሪያውን ደረቅ። ሄጄ ትሪውን አየሁ። እያንዳንዱ ዳቦ ለብቻው ቁጭ ብሏል፤ በመሃላቸው የትሪው ጥቁር ብረት ይታያል።

በዚያ ሰሞን አባዬና እህቱ ተኳርፈው ነበር። ስለዚህ ዳቦዎቹም የተኳረፉ መሰለኝ። ትልልቆቹ ሲታረቁ እነሱም ይታረቃሉ ብዬ ደረቁን ዳቦ በላሁ።

ዳቦ ቤቱ ከፊት ለፊት ነው፣ እኛ ከኋላ ነን። በመሃል የዱቄት ጆንያ የሚደረደርበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱን ካላለፍኩ ቤቴ አልገባም፤ ስለዚህ ቤቴ የገባሁት ሁሌም ጫማዬ ነጭ ሆኖ ነው። በጓሮ በኩል ወደ ቅያሱ የሚያስወጣ የቆርቆሮ በር አለ። መወርወሪያው ያለው ከውስጥ ብቻ ነው፤ እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ግን ተወርውሮ አያውቅም። የአባዬ ታላቅ እህት ጎህ ሳይቀድ በዚያ በር ገብታ ምድጃውን ታቀጣጥላለች። እኛን ቀስቅሳ እንዳታስከፍት በሩ ሳይቆለፍ ያድራል።

አባዬ እታለም ይላታል። እማዬም፣ እኔም፣ ሰፈሩም ሁሉ እታለም እንላታለን። ባል አልነበራትም፣ ልጅ አልነበራትም። ጠዋት ሊጡን አስገብታ ዳቦውን ካወጣች በኋላ ሻሿን ቀይራ መስኮቱ ላይ ትቆምና ትሸጣለች። ማን ስንት ልጅ እንዳለው፣ የማን እናት ጥርስ እንደሌላት፣ ማን ያረረ እንደሚወድ ሳትጠይቅ ታውቃለች።

የማይቆለፈው በር የእማዬ የዕድሜ ልክ ጭንቀት ነበር። «አንድ ቀን ሌባ ገብቶ ሁላችንንም እንደተኛን ይፈጀናል» ትል ነበር። አባዬ ደግሞ «ምን ሊሰርቅ? ዱቄት ተሸክሞ ሲወጣ በእግሩ ዱካ እንይዘዋለን» ይላታል። እኔም እሱ ፊት እስቃለሁ፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ስገባ ግን ከእማዬ ወገን ነኝ።

ዛሬ እኔም የልጆች እናት ነኝ፣ ጭንቀቷንም እንዳለ ወርሻለሁ። ሱቅ ሄጄ ዘይት በትናንቱ ዋጋ ካገኘሁ ደስ አይለኝም፤ ነገ ሊቆልሉት ነው እላለሁ። ባለቤቴ ጓዳችንን እያየ «ሱቅ ልትከፍቺ ነው እንዴ?» ይለኛል።  ዋጋ ሰው ቤት ገብቶ ምን እንደሚያደርግ እሱ አላየም።

በልጅነቴ ግሽበት የሚባለው ነገር ትልልቅ ሰዎችን የሚይዝ ሕመም ይመስለኝ ነበር። ሬዲዮው «ግሽበት» ሲል አባዬ እጁን በሽርጡ ላይ ጠርጎ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ሲያልቅ ይዘጋዋል፣ ግንባሩን ያሻል። ዱቄት ሊያመጣ ሲሄድ በጠዋት ተላጭቶ፣ እያፏጨ ነው። ሲመለስ ፉጨት የለም።

«ዛሬም ጨመሩ?» ትላለች እማዬ።

«ጨመሩ።»

«ነገ እርሾው ነው። ቀጥሎ ማገዶው። ከዚያ እኛ ራሳችን ምድጃ ውስጥ እንገባለን።»

«አንቺ ደግሞ! አፍሽን በበጎ ክፈቺው።»

ከዚያ በፊት፣ ክፉው ነገር ገና ሲጀምር፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ዋጋ ጨምሮ ነበር። አባዬ በዚያ ቀን ቀይ የዘይት ቀለም ገዛ፤ ወንበር ላይ ወጥቶ የዳቦ ቤታችን ግድግዳ ላይ የእኛን ዋጋ ጻፈ። ቁጥሩ ቁመቴን ያህላል። ከሥሩ አንድ ቃል አለችበት፦ አይጨምርም። መንገደኛው ቆሞ አጨበጨበ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ «ወንድ ማለት ይሄ ነው!» ብሎ አባዬን ከነወንበሩ አቀፈው። እኔ ጓደኞቼን ከትምህርት ቤት እየጎተትኩ «አባቴ ነው የጻፈው» እያልኩ አሳያቸው ነበር። ያ ግድግዳ ለእኔ አባቴ ራሱ ነበር።

ኩርፊያው የመጣው ከዚያ ግድግዳ ነው። መተላለፊያው ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አሻንጉሊቴን ስጠቀልል ድምፃቸው ይመጣል።

«ወንድሜ፣ ቀለም ገዝተህ አጥፋውና ጨምር።»

«ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ፣ እታለም።»

«የሰጠኸው ቁጥር ነው። ሰው ቁጥሩን አይበላም፤ ዳቦውን ነው የሚበላው።»

«ከጨመርኩማ ያ ማዶኛው ይስቅብኛል።»

«ይሳቅ! ስቆ ሲጨርስ እሱም ዱቄት ሊገዛ ይሄዳል፣ ያለቅሳታል።»

«በቃ! ዳቦ ቤቱ የኔ ነው፣ ግድግዳውም የኔ ነው።»

«መስኮቱ ላይ የምቆመው ግን እኔ ነኝ» አለች እታለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኳረፉ።

እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባዬ ዋጋው አይጨመርም ይላል፣ እታለም ይጨመር ትላለች። ስለዚህ አባዬ ደግ ነው፣ እሷ ስስታም ናት። ልጅ ሲፈርድ ይግባኝ የለውም።

አንድ ጠዋት ሽንቴ መጥቶ ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። ምድጃው ተቀጣጥሏል፤ የእሳቱ ብርሃን መተላለፊያው ላይ ይወዛወዛል። እታለም ጀርባዋን ሰጥታኝ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራለች። ፊት ለፊቷ አባዬ ማታ ቆርጦ ጨርቅ ያለበሰው ሊጥ አለ። ከጎኑ ደግሞ ትልቁ ሊጥ፣ የኛ የቤተሰቡ ዳቦ የሚሆነው። በሁለት ጣቷ ከትልቁ ቆንጠር ታደርጋለች፣ ዞር ብላ ታያለች፣ እጇን ጨርቁ ሥር ትከታለች። ደግሞ ቆንጠር፣ ደግሞ ጨርቁ ሥር። እግሬ ዱቄቱ ላይ ሲንሸራተት ሰማችኝና እጇን ሽርጧ ውስጥ ደበቀች።

«እሽ! ምን ትሠሪያለሽ አንቺ? ሂጂ ተኚ፣ እናትሽን እንዳትቀሰቅሻት።»

ተመልሼ ተኛሁ። እታለም ሊጥ ትሰርቃለች ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ እማዬ የቤቱን ዳቦ በእጇ እየመዘነች «ይሄ ነገር ደግሞ ማን እየበላው ነው?» ስትል ማን እንደሚበላው አውቄያለሁ ብዬ በውስጤ ኮራሁ። ለማንም ግን አልተናገርኩም። ሌባ ዘመድ ማጋለጥ እንደሚያስፈራ በዚያ ዕድሜም ይታወቃል።

ልብስ ሰፊው ደረቅ ዳቦ ይዞ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ጠዋት ነው፣ መስኮቱ ላይ ሰው ተሰልፏል። እኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ አባዬ አጠገብ ቆሜያለሁ። ልብስ ሰፊው ሰልፉን አልያዘም። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ባንኮኒው ላይ ፈታው። ድንጋይ የመሰለ ደረቅ ዳቦ ነው፣ አቧራና ክር ለብሷል።

«ይሄን የት እንዳገኘሁት ታውቃላችሁ?» አለ ለሰልፉ። «የስፌት መኪናዬን ላጸዳ ስገፋው ከኋላው ወድቆ። ዓመት ይሆነዋል መሰለኝ። አይጥ እንኳን ጥርሷን ሰብራ ሄዳለች።»

«አይዞህ፣ ነክረህ ትበላዋለህ» አለ ሰልፉ ላይ የቆመ ታክሲ ነጂ፣ ሰው ሳቀ።

«ቆይ፣ ቆይ። እታለም፣ እስቲ አንድ ትኩስ ስጪኝ።»

እታለም አልሰጠችውም። እጇ ትሪው ላይ ቀረ። ልብስ ሰፊው ራሱ እጁን አስገብቶ አንዱን አነሳና ከደረቁ ጎን አስቀመጠው። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አውርዶ፣ ልክ ደንበኛ እንደሚለካ ጎንበስ ብሎ፣ ወገባቸውን ለካ። መጀመሪያ የደረቁን፣ ቀጥሎ የትኩሱን። ሜትሩን በጣቱ ይዞ ለሁሉም አሳየ።

«ይሄኛው እንግዲህ ደርቆ፣ ተኮማትሮም ከትኩሱ ይበልጣል» አለ። «የግድግዳው ቁጥር ግን አንሷል? አላነሰም። እሱ እንዳለ ነው።»

ሳቁ መጀመሪያ ከኋላ መጣ። «እንደታጠበ ሹራብ ሆነብን እኮ!» አለች አንዲት ሴት። «ልጄ በአንድ ጉርሻ ጨርሶት ‹ዳቦው የታል?› ይለኛል» አለች ሌላዋ። እሷ ግን አልሳቀችም። ቀስ በቀስ የሚስቅ ጠፋ። ሁሉም ባንኮኒው ላይ የተቀመጡትን ሁለቱን ዳቦዎች ያያል።

አባዬን ቀና ብዬ አየሁት። ጆሮው ቀልቷል። ማንንም ሳያይ፣

«ሊጡን የምትቆርጠው እሷ ናት» አለ።

 እታለም ወደ አባዬ ዞረች። የምትጮህ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሕፃን ሆኖ ያዘለችበትን ጊዜ፣ ወድቆ የተነሳበትን ሁሉ እንደምታስታውስ ሰው አየችው። ከዚያ ሽርጧን ፈታች፣ በአራት አጠፈችው፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። በፊት ለፊቱ በር ሳይሆን በመተላለፊያው፣ በጓሮ በር ወጣች። ሻሿ ላይ ዱቄት ነበር፣ አላራገፈችውም።

እኔ ደስ አለኝ። ሌባዋ ተያዘች፣ አባዬም አወቀ ብዬ ደስ አለኝ። ያን ቀን ትምህርት ቤት በኩራት ነው የሄድኩት።

እውነቱን የሰማሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ልጠይቃት የሄድኩ ጊዜ ነው። እታለም አርጅታ ነበር፣ ዓይኗ ደክሟል። ስለዚያ ጠዋት ስጠይቃት ሳቀች። «ሊጡንማ ሁሌ ማታ የሚቆርጠው እሱ ነበር። እኔ ጠዋት ከእናንተ ዳቦ ቆንጥሬ ቆንጥሬ ልጅ ለሚበዛባቸው እለጥፍላቸዋለሁ። በሌላ ትሪ ለይቼ የማስቀምጣቸው፣ የሚነካኩት፣ እነዚያ የነሱ ናቸው።»

«አባዬ ያውቅ ነበር?»

«ያያል እንጂ! ነጩን ጎን ያያል። ዳቦ ጋጋሪ አይደለም እንዴ?» አለችና ልጄን ከጀርባዬ አውርዳ አቀፈቻት።

ያን ቀን ቤቴ ስገባ ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም። የዱቄቱን ዋጋ የጨመረው አባዬ አልነበረም። እሷም አልነበረችም። ማንም የማያውቀው፣ ፊት የሌለው ነገር ነው የጨመረው። ሰው ግን ፊት የሌለውን ነገር መውቀስ አይችልም መሰለኝ፤ አጠገቡ ያለውን ፊት ይፈልጋል።

ያኔ በልጅነቴ፣ እታለም ሽርጧን ፈትታ ከሄደች በኋላም የጓሮው በር ሳይቆለፍ ማደሩን ቀጠለ። እማዬ አሁንስ በዛ አለች።

«የምትገባ ሰው የለች፤ ለማን ነው ክፍት የምናድረው? ለሌባ?»

አባዬ አንዳንዴ ገና ሳይነጋ ተነስቶ ምድጃውን ራሱ ሲያቀጣጥል፣ በመሃል ሥራውን አቁሞ ወደ ጓሮ ጆሮውን ሲጥል አየው ነበር። ሌባ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ እኔም ከአልጋዬ ሆኜ አብሬው ሌባ እጠብቃለሁ።

ሰልፉ አጠረ። ማዶኛው ውድ ነው፣ ግን ዳቦው ዳቦ ነው ተባለ። ማታ የሚተርፈው ዳቦ በዛ፤ እኛ ራሳችን ደረቁን በሻይ እየነከርን በላን። በመጨረሻ አባዬ ነጭ ቀለም ገዛ። ያኔ ያጨበጨበ ሰው አልነበረም፤ እኔ ብቻ ነኝ አጠገቡ ቆሜ ቀይ ቁጥሩ በነጭ ሲሸፈን ያየሁት። ደጋግሞ ቀባው፣ ቀዩ ግን ከሥር ሮዝ ሆኖ ይታያል። በላዩ ምንም አልጻፈም። አዲሱን ዋጋ በወረቀት ጽፎ መስኮቱ ላይ ለጠፈው፤ ወረቀት ሊቀየር ይችላል።

በማግስቱ ሊጡን እንደ ድሮው ቆረጠ። ዳቦዎቹ ተቃቅፈው ወጡ። እኔ ታረቁ ብዬ ዘለልኩ። አባዬ ሳይገነጣጥላቸው፣ እንደተያያዙ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለላቸውና ለእማዬ ሰጣት።

«ለእታለም ውሰጅላት።»

«ምን ልበላት?»

«ዳቦ ነው በያት።»

እማዬና እኔ ሄድን። የእታለም ክፍል በሚቀጥለው ቅያስ ነው፣ አንዲት አልጋ፣ አንዲት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የሥራ ቀሚስ። ጨርቁን ፈታችው። አንዱን ገነጠለችና ነጩን ጎን አፍንጫዋ ላይ አስጠግታ ቆየች።

«ደህና ጋግሯል በይው።»

«እታለም፣ ነይ እንሂድ» አለች እማዬ። «በሩ እንኳን አልተቆለፈም። እኔ በሥጋት ልሞት ነው።»

«ሌላ ያለው ነገር የለም?»

እማዬ መሬት አየች። «ታውቂው የለ። ምላሱ ከሊጥ ይከብዳል።»

«አይ፣ አንድ ቀንስ ቀልሎለት ነበር።» እታለም ዳቦውን መልሳ ጠቀለለችው። «ስሚኝ እህቴ። ማዶኛው መስኮቱ ላይ እንድቆምለት ጠርቶኛል፤ መብላት አለብኝ። ወንድሜ ግን በሰው ፊት ያለውን በሰው ፊት ያንሳልኝ። ነገ ጠዋት፣ አንዲት ቃል። ‹እኔ ነኝ› ይበል፤ ሽርጤን ለብሼ እገባለሁ። ካላለ ወደዚያ ሄጃለሁ።»

ወጥተን ስንሄድ እማዬ እጄን አጥብቃ ይዛኝ ነበር። «አይልም፣ አይልም» ትላለች ለራሷ። ምን እንደማይል አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ አባዬ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መስኮቱ ላይ ቆመ። ሰዎች መጥተዋል፤ ልብስ ሰፊውም አለ። ከመንገዱ ማዶ እታለም ቆማለች፣ አዲስ ሻሽ አስራለች። እጄን አወዛወዝኩላት። እሷ እኔን አላየችኝም፣ አባዬን ነው የምታየው። አባዬም አይቷታል።

«ጎረቤቶቼ…» አለ አባዬ። ድምፁ ቀጠነ።

ሰው ሁሉ ቀና አለ።

«ምነው? ልትጨምር ነው ደግሞ?» አለ ልብስ ሰፊው፣ ሰዎቹም ሳቁ።

አባዬ አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሽርጡን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዞት ነበር። እኔም የሚነግራቸውን ለመስማት ተንጠራራሁ።

«ዳቦው… ትኩስ ነው» አለ።

«እሱንማ እናያለን!» አለ ታክሲ ነጂው፣ እጁን ዘረጋ። ሰው ተገፋፍቶ መግዛት ጀመረ። አባዬ ለንግዱ ነው የሚጮኸው ብዬ እኔም አብሬው «ትኩስ ነው! ትኩስ ዳቦ!» እያልኩ ጮህኩ። በሰዎቹ ትከሻ መሃል እታለም ትታየኝ ነበር። ትንሽ ቆየች። ሻሿን አጠበቀች፤ ዞራ ማዶኛው ዳቦ ቤት ገባች። ከሌላ ሰው ዳቦ ልትገዛ ሄደች ብዬ ተቀየምኳት።

ያን ዕለት ትሪው ባዶ ሆነ፣ እማዬ ግን አልሳቀችም። ራት ስንበላ አባዬ ዳቦውን ገንጥሎ ነጩን ጎን ለእኔ ሰጠኝ፤ የራሱን ሳይነካ ተነሳ። ፋኖሱን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። ተከትለነው መተላለፊያው ላይ ቆምን።

መወርወሪያውን ይዞ ገፋ፤ አልሄደም። እኔ እስከማውቀው ተወርውሮ አያውቅም፣ ዝጓል። ትከሻውን አስጠግቶ ደግሞ ገፋ። እማዬ ጓዳ ገብታ ዘይቱን አመጣች፤ ያንን ጠብታው ሲፈስ የምትቆጣበትን ዘይት፣ ሰጠችው። ስንት ዘመን ይቆለፍ ስትል የኖረችበት በር ነው። ተመስገን ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም፣ ፋኖሱን ተቀብላ ያዘችለት እንጂ።

አባዬ ዘይቱን አፈሰሰበት፣ በመዳፉ መታው። ብረቱ ጮኸ፣ ትንሽ ሄደ፣ ቆመ። ደግሞ መታው።

እሰይ፣ አሁን ሌባ አይገባም አልኩ በልቤ።

መወርወሪያው ገባ። አባዬ እጁን ቆርቆሮው ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየና በሩን አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ገፋ አድርጎ ሞከረው። ተቆልፏል።